ከጉዛራ ያመጣኋት ድንጋይ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት። ጊዜ ያለው አሁን ያንብበው፣ የሌለው ሴቭ አድርጎ ማታ ይመለስበት። የቀድሞ ተማሪዎቼ ግን ማምለጫ የላችሁም። ምንባብ አንብቡ ስላችሁ የመጨረሻውን አንቀጽ ብቻ አይታችሁ እጅ ታወጡ እንደነበር አልረሳሁም። እዚህም እንዳትደግሙት።

ባለፈው እሑድ ነው። የስድስት ዓመት ልጄ የመጻሕፍት መደርደሪያዬን ስትበረብር አንዲት ድንጋይ አገኘች። የእንቁላል ግማሽ የምታክል፣ አንድ ጎኗ ላይ ነጭ ኖራ የተጣበቀባት ጥቁር ድንጋይ።

“አባ፣ ይሄ ምንድነው?”

“ድሮ ንጉሥ ይኖርበት ከነበረ ግንብ ያመጣሁት ነው።”

“ማን ሰጠህ?”

በቃ፣ ዝም አልኩ። ማንም አልሰጠኝም። ስንት ዓመት ሙሉ ለመጣ እንግዳ ሁሉ በኩራት ሳሳያት የኖርኳት ድንጋይ፣ አንድም ሰው “ማን ሰጠህ?” ብሎኝ አያውቅም። “ዋው” ነው የሚሉኝ። ልጅቷ ግን ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቀችኝ። ይሄ ጽሑፍ ለእሷ ልመልስላት ያልቻልኩት መልስ ነው።

ድንጋዩዋ ከጉዛራ ነው የመጣችው። በ2010 ዓ.ም. ጥር ላይ የሥራ ባልደረባዬ ጎንደር ላይ ሰርግ ነበረውና ሦስት ሆነን ከነቀምቴ ተነሣን። ያኔ በኡኬ፣ በአንገር ጉቲን፣ በጊዳ አያና አድርገህ ዓባይን ተሻግረህ ቡሬ ትገባለህ። ከዚያ ባሕር ዳር ነው። ዛሬ ይህንን መንገድ ስጽፈው ራሱ ሆዴን ባር ባር ይለዋል፤ ለምን እንደሆነ የዚህ አገር ሰው ታውቁታላችሁ፣ አልደግመውም።

ሰርጉ አለቀ፣ ስንመለስ “ጉዛራን ሳናይ አናልፍም” አልኩ። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ስትመጡ ማክሰኚትን አልፋችሁ እንፍራንዝ የምትባል ከተማ አለች። ጉዛራ እዚያው አጠገብ ኮረብታ ላይ ነው። ሚኒባሱ አወረደን፣ ወጣነው። አቀበቱ ያን ያህል አይደለም፣ የሰርግ ሥጋ የበላ ሰው ግን ያልበዋል።

ላይ ስትደርሱ መጀመሪያ የሚይዛችሁ ግንቡ አይደለም። ጣና ነው። ከታች ሜዳው፣ ከሜዳው ማዶ ውሃው፣ ከውሃው ማዶ ሰማዩ የት እንደጀመረ አይታወቅም። ከዚያ ዞር ስትሉ ነው ግንቡን የምታዩት። በድንጋይና በኖራ የተሠራ፣ ባለ ሁለት ፎቅ፣ ከጥጉ ክብ ማማ ያለው፣ የማማው አናት እንደ እንቁላል ሾጠጥ ያለ። ጎንደር ፋሲል ግቢን ያየ ሰው “ይሄንን የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ” ይላል። ልክ ነው። አያቱን አይቶ የልጅ ልጁን ማስታወስ ማለት ነው። ከፊሉ ቆሟል፣ ከፊሉ ፈርሷል። በፈረሰው በኩል ሣር በቅሎበታል።

እኔ የታሪክ መምህር አይደለሁም፣ አማርኛ ነው የማስተምረው። የታሪክ መምህራን ጓደኞቼ ከተሳሳትኩ አርሙኝ። ጉዛራ የሚታወቀው በዐፄ ሠርፀ ድንግል ስም ነው። ንጉሡ የነገሡት ከ1563 እስከ 1597 እ.ኤ.አ. ነው። ምሁራን የተሠራበትን ትክክለኛ ዓመት ይከራከሩበታል፤ ያም ሆነ ይህ ስሙ ከእሳቸው ጋር ነው የኖረው። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን የመሠረቱት በ1636 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ በተለመደው አቆጣጠር ጉዛራ ከጎንደር ቢያንስ አርባ ዓመት ያህል ይቀድማል። ከዚያ በፊት ነገሥታቱ አብዛኛውን ጊዜ በድንኳን ከተማ ነበር የሚንቀሳቀሱት። አንድ ኮረብታ መርጦ፣ ድንጋይ ጠርቦ፣ ኖራ አቃጥሎ “እዚህ ነኝ” ማለት በዚያ ዘመን ትልቅ ውሳኔ ነው። የመንግሥቱ እምብርት ከሸዋ ወደ ጣና ዙሪያ መዞሩን በድንጋይ የጻፈ ሕንጻ ነው።

ታዲያ እዚያ ቆመን ከመካከላችን አንዱ ምን አለ? “ፖርቹጋሎች ናቸው የሠሩት።” ሌላኛው ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅኩ! ሁላችንም እንዲህ ነው የሰማነው። ማን እንዳስተማረን አናውቅም፣ ግን እናውቀዋለን።

እስቲ ረጋ ብለን እናስበው። በ1541 እ.ኤ.አ. በክርስቶፎር ዳ ጋማ የተመሩ 400 ያህል የፖርቹጋል ወታደሮች ምጽዋ ገቡ። ከኢማም አሕመድ ጋር ተዋጉ፣ ዳ ጋማ ራሱ ተገደለ፣ የተረፉት አብዛኞቹ እዚሁ አግብተው ወልደው ቀሩ። ቆይተው ኢየሱሳውያን መጡ። እነሱ ደግሞ ዐፄ ሱስንዮስን ወደ ካቶሊክ አመጡና አገር ታመሰ፤ በ1632 እ.ኤ.አ. ሱስንዮስ ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ፋሲል ምን አደረጉ? ኢየሱሳውያኑን አባረሩ። ከዚያ በኋላ ነው ጎንደርን የገነቡት። ያባረሯቸው ሰዎች ናቸው ቤተ መንግሥት የሠሩላቸው ልንል ነው?

ከውጭ የመጣ እውቀት የለም አላልኩም። አለ። የኖራ አሠራር፣ የቅስቱና የማማው ቅርጽ ከህንድም ከፖርቹጋልም ከቱርክም የተቀዳ ነገር ይኖርበታል። ቤተ እስራኤላውያን ግንበኞችና አንጥረኞች በጎንደር ሥራ ላይ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ግን የየትኛውም አገር ትልቅ ሕንጻ እንደዚሁ ነው። ባለሙያ ከየትም ይመጣል፣ ያሠራው ሰው፣ ድንጋዩን የተሸከመው ትከሻና ቦታው የዚያው አገር ነው። ነቀምቴ ላይ አንድ ነጋዴ የቻይና ሊፍት ስላስገባ ሕንጻውን “ቻይና የሠራው” እንላለን እንዴ?

ይህንን ያነሣሁት ለክርክር ብዬ አይደለም። ከድንጋዩዋ ጋር ስለሚገናኝ ነው።

ግንቡ አጠገብ ከብት የሚጠብቁ አንድ አባት አገኘን። ከየት እንደመጣን ጠየቁን። “ከነቀምቴ ነን አባቴ” ስላቸው “ከወለጋ? እህህ፣ ይኼን ሁሉ አገር አቋርጣችሁ!” ብለው ቆሎ ከኪሳቸው አውጥተው ዘገኑን። ከዚያ ወደ ግንቡ እያዩ እንዲህ አሉን። “የሚመጣው ሰው ሁሉ አንድ አንድ እያለ ይወስደዋል። አንዱ ለቤቱ፣ አንዱ ለአጥሩ፣ ከተሜው ደግሞ ለማስታወሻ።” ሦስታችንም “በጣም ያሳዝናል” አልን። ከልባችን ነው ያልነው።

ከዚያ ቁልቁለቱን ስንጀምር ጎንበስ ብዬ አንዷን አንስቼ ኪሴ ከተትኳት።

አያችሁ? ምክሩን ሰምቼ፣ አዝኜ፣ ቆሎአቸውን እየቆረጠምኩ ነው የወሰድኩት። ሌባ ነህ ብትሉኝ ያን ቀን እጣላችሁ ነበር። እኔ አላጠፋሁም፣ እኔማ ቅርስ የምወድ ሰው ነኝ፣ ወድጄው ነው የወሰድኩት፣ ደግሞ ከወደቀው ላይ ነው፣ ደግሞ አንድ ብቻ ናት። ሁሉም ሰው የሚለው ይህንኑ ነው። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል እንላለን አይደል? ግንብም ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል። በእኛ እግር።

ይሄ የእኛ ብቻ በሽታ አይደለም። የሮማው ኮሎሲየም ግማሽ ጎኑ የጎደለው በመሬት መንቀጥቀጥ ብቻ አይደለም። የወደቀውን ድንጋይ የሮም ሰዎች ለዘመናት እያነሱ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ሠሩበት። ሰሜን እንግሊዝ ያለው የሐድሪያን ግንብም ድንጋዩ በየገበሬው ቤትና በየመንገዱ ገብቷል። ጠላት የሚያፈርሰው አንድ ቀን ነው። ወዳጅ የሚያፈርሰው ግን በየቀኑ ነው።

አሁን ደግሞ የሚያሳፍረኝን ልንገራችሁ። ጣሊያን የአክሱምን ሐውልት በ1937 እ.ኤ.አ. ወስዳ እስከ 2005 ድረስ አቆየችው። 68 ዓመት! ሐውልቱ 24 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ክፍል ውስጥ ድርሰት አስጽፌአለሁ። “የእኛ ነው፣ መልሱልን” የሚል የተማሪ ድርሰት አንብቤ እንባዬ መጥቶ ያውቃል። ከመቅደላ በ1868 የተዘረፈውንም እንዲሁ። በ2019 የዐፄ ቴዎድሮስ ቁንዳላ ከለንደን ሲመለስ እዚሁ ገጽ ላይ ለጥፌ ነበር። ያንን ሁሉ የምጽፈው ደግሞ የጉዛራ ድንጋይ ከጀርባዬ መደርደሪያው ላይ ተቀምጣ እያለ ነው። የመጠን ልዩነት እንጂ የጠባይ ልዩነት አላየሁበትም። “አዋጅ ቁጥር 209/1992” የሚባል የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ሕግ አለን፤ ቅርስ ማበላሸትን ይከለክላል። ሕጉ “መምህር ከሆነና ከወደደው ይፈቀድለታል” የሚል አንቀጽ የለውም።

ግን ለምን ወሰድኳት? ራሴን ሳምንቱን ሙሉ ስጠይቅ ከረምኩ። መልሱ ቀላል ነው። የማንም ስላልመሰለኝ ነው። የሰው ቤት ብሆን ኖሮ ሲኒ አንስቼ ኪሴ አልከትም። ቤተ ክርስቲያን ወይ መስጊድ ውስጥ ብሆን አልሞክረውም። እዚያ ኮረብታ ላይ ግን ባለቤት አላየሁም። ገንቢው ፖርቹጋል፣ ጠባቂው መንግሥት፣ ንጉሡ የሞተ። በአእምሮዬ ባለቤቱን ሁሉ አስወጥቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው ያነሳኋት።

ስለዚህ “ማን ሠራው?” የሚለው ትምህርት የእውቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ለልጅ “ይሄንን ባዕድ ሠራው” ብላችሁ ካስተማራችሁት፣ ሲፈርስ ለምን ያዝናል?

አሁን ወደ ቤታችን፣ ወደ ነቀምቴ።

ከጉዛራ እንደተመለስኩ ክፍል ውስጥ ፎቶ አሳየሁ። አንዱ ተማሪ እጁን አወጣና “ቲቸር፣ እኛ ጋ እንዲህ ያለ የለም እንዴ?” አለኝ። ልጁ የሚኖረው ከኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት በእግር አሥራ አምስት ደቂቃ በማይሞላ ቦታ ነው! “ስንቶቻችሁ ገብታችሁ አይታችኋል?” አልኩ። አራት እጅ ወጣ። በኋላ ከአንዱ ጋር ስናወራ “ቲቸር፣ እኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር የሚመስለኝ” አለኝ። ልስቅበት ስል ትዝ አለኝ፤ እኔ ራሴ እዚህ ከተማ ስንት ዓመት ኖሬ ገብቼበት አላውቅም ነበር። ጎንደር ድረስ ሄጄ የንጉሥ ግንብ የማይ ሰው፣ የደጄን አላየሁም።

የሌቃ ነቀምቴ ገዥዎች የበከሬ ቤተሰብ ናቸው። ሞረዳ በከሬ በ1882 እ.ኤ.አ. ገደማ ከሸዋ ኃይል ጋር ያለ ጦርነት ተስማምተው የውስጥ አስተዳደራቸውን እንደያዙ ግብር ከፈሉ። በዚያው ዓመት እምባቦ ላይ፣ እዚሁ ሆሮ ጉዱሩ ውስጥ፣ ሸዋና ጎጃም ለዚህ አገር ሀብት ተዋግተዋል። ከሞረዳ በኋላ ልጃቸው ኩምሳ፣ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ መሩ። አናሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አፋን ኦሮሞ ተርጉመው በ1899 ካሳተሙ በኋላ በ1904 ወደ ነቀምቴ ሲመጡ የተቀበሏቸው እኚሁ ደጃዝማች ናቸው። አናሲሞስ እዚሁ አስተማሩ፣ እዚሁ ከተማ ተቀበሩ። ዛሬ አፋን ኦሮሞ ማንበብና መጻፍ የምንችል ሁሉ የዚያ ታሪክ ተጠቃሚ ነን። ታዲያ ይህ ግቢ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው? የእናንተ ነው እንጂ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። “እኛ ጋ የለም እንዴ” ያለው ተማሪ የተሳሳተው ቤተ መንግሥቱን ባለማወቁ ብቻ አይደለም። ግንብ ያለው ብቻ ታሪክ ያለው ስለመሰለው ነው። ሠርፀ ድንግል ጣና ዳር በነገሡበት በዚያው ክፍለ ዘመን መጫ ኦሮሞ በጊቤና በወለጋ ይሰፍር ነበር። ሕጉን በድንጋይ አልገነባም፣ በኦዳ ጥላ ሥር ነው የደነገገው። ኦዳ ቡሉቅ እዚሁ ሆሮ ጉዱሩ ነው ያለው። የገዳ ሥርዓት በ2016 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግቧል፤ ፋሲል ግቢ ደግሞ በ1979። አንዱ ድንጋይ ነው፣ ሌላው ቃል ነው። ሁለቱም ካልጠበቋቸው ይፈርሳሉ። እንዲያውም የቃሉ ይብሳል፤ ድንጋይ ፍርስራሽ ይተዋል፣ ቃል ግን ሽማግሌው ሲሞት ፍርስራሽም አይተውም።

አሁን ኮሜንት ላይ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። አንዱ “ሠርፀ ድንግል ከኦሮሞ ጋር ተዋግቷል፣ አንተ ወለጋ ተቀምጠህ ለእሱ ግንብ ምን አስጨነቀህ?” ይለኛል። ሌላው ከወዲያ “የእኛን ቅርስ አንተ ምን አገባህ?” ይለኛል። ለሁለቱም መልስ አለኝ።

ለመጀመሪያው፦ አዎ፣ ተዋግተዋል። ይነገር፣ ክፍል ውስጥም ይማሩት። ግን የተዋጋን ሰው ግንብ ማስፈረስ የሞተውን አያስነሣም። ዌልስ የምትባል አገር አለች። የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ወግቶ ሲይዛት ሕዝቡ እንዳይነሳ ካርናርቨንና ኮንዊ የሚባሉ ታላላቅ ግንቦች ሠራባት። ለእሷ ሳይሆን በእሷ ላይ! ዛሬ እነዚያን ግንቦች የሚጠብቃቸው ማን ነው? ራሱ የዌልስ መንግሥት መሥሪያ ቤት። በ1986 በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። ዌልሶች ግንቡን ሲጠብቁ ወራሪውን ይቅር ብለናል ማለታቸው አይመስለኝም። የደረሰብንን የምናሳይበት ማስረጃ ነው ማለታቸው ነው። ቁስሉ ያለበት ሰው ማስረጃውን አያቃጥልም።

ለሁለተኛው፦ ቅርስ የዘር ውርስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያ ቆሎ የዘገኑን አባት “ምን ልትሠሩ መጣችሁ?” ይሉን ነበር። እሳቸው ግን ያንን ሁሉ መንገድ አቋርጠን በመምጣታችን ነው ደስ ያላቸው። የጠየቁን አንድ ነገር ነው፦ አትውሰዱት። እሱንም አልሰማኋቸውም።

ስለዚህ ምን ይደረግ? ትልልቅ ነገር አልጠይቅም። ባጀት የለኝም፣ ሥልጣን የለኝም፣ ጠመኔ ነው ያለኝ።

መምህራን ጓደኞቼ፣ በዓመት አንድ ቀን ተማሪ ይዘን ኩምሳ ሞረዳ እንሂድ። መኪና አያስፈልግም፣ በእግር ነው። ስንመለስ ድርሰት እናስጽፍ፤ እኔ በአማርኛ፣ የአፋን ኦሮሞ መምህራን በአፋን ኦሮሞ። ወላጆች፣ ከሽማግሌ የሰማችሁትን የሰፈራችሁን ስም ታሪክ ለልጅ ንገሩ። የመንደር ስም ራሱ ቅርስ ነው። ጎንደርና ባሕር ዳር ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ ደግሞ፣ ሰላም ሲሆንና ስትችሉ ጉዛራ ውጡ። ፎቶ አንሱ፣ ስማችሁን ግን ግድግዳው ላይ አትጻፉ። እና በባዶ ኪስ ውረዱ።

ድንጋዩዋን ወረቀት ጠቅልዬ ፖስታ ውስጥ አስቀምጫታለሁ። ፖስታው ላይ “ጉዛራ፣ እንፍራንዝ፣ ከግንቡ ሥር” ብዬ ጽፌበታለሁ። መንገዱ ሲከፈትልኝ እኔ ራሴ እወስዳታለሁ። እኔ ካልቻልኩ በእጁ የማምነው ሰው ይወስድልኛል። እኚያን አባት ካገኘሁ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ፤ ካላገኘኋቸውም ድንጋዩዋ ቦታዋን ታውቀዋለች።

ለልጄም ነገርኳት። “ማንም አልሰጠኝም፣ ሳልጠይቅ ነው የወሰድኳት፣ እመልሳታለሁ” አልኳት። ትንሽ አሰበችና “እኔም ልምጣ?” አለችኝ። ትመጣለች። መጀመሪያ ግን ለቅዳሜ ቀጠሮ ይዘናል፣ ኩምሳ ሞረዳ እንሄዳለን።

እስቲ ንገሩኝ፣ የነቀምቴ ልጆች፣ ከእናንተ ውስጥ ስንቶቻችሁ ገብታችሁ አይታችሁታል? በእውነት መልሱ፣ ማርክ አልቀንስም።